ሳይቆፍሩ የማትረፍ ጥበብ

የሰው ልጅ መዳብን ከምድር ሆድ ማውጣት ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን መዳብን ባለማውጣት መክበር እንደሚቻል ያስተዋለ አንድም ሕዝብ አልተገኘም። ግብፆች አላወቁትም፤ ሮማውያንም አልደረሱበትም። ይህ ክብር የተጠበቀው በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ከመኪና በሚበዛባት ከተማችን ለሚገኘው የማዕድን ኩባንያችን ነው። እኔ የኩባንያው የቦርድ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁንም ነኝ። የተባለውንና የተወሰነውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

በእኛ አገር አለቃም ዘበኛም "አንተ" እና "አንቺ" ነው የሚባባለው። እኔ ግን ታላቅ ሰው በአንተታ አይጻፍም ብዬ ስለማምን፣ ዋና ሥራ አስኪያጃችንን ኤቨርት ስቶልናከን በብዕሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ኤቨርት ትከሻቸው የሰፋ፣ በመስከረም አጋዘን አደን የማይቀሩ፣ ባላዩት ነገር ላይ ቶሎ የሚወስኑ ሰው ናቸው። ይህ ሦስተኛው ችሎታ ነው ለዚህ ወንበር ያበቃቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ከተራራው በላይኛው ክፍል የነበረው መዳብ ተሟጠጠ። የቀረው ከታች፣ ከጥልቁ ነበር። እዚያ ለመድረስ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር፣ አዲስ አሳንሰር መትከል፣ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ቦርዱ "ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" ብሎ ጠየቀ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰዎች ተሰብስበው፣ የቀረፋ ዳቦ እየገመጡ፣ ተከራክረው ይወስኑት ነበር። የሠለጠነ ኩባንያ ግን እንዲህ አያደርግም። የሠለጠነ ኩባንያ ከስቶክሆልም ዶክተር ያስመጣል።

የመጣው ዶክተር ሉድቪግ ቢዩርስትሮም ነበር፤ የስልታዊ ዕቅድ ሊቅ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሹራቡ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሉድቪግ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ማዕድን ማውጫውን እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ዓለቱ፣ ናፍጣው፣ የቆፋሪው ደመወዝ፣ ግብሩ፣ የመዳቡ የወደፊት ዋጋ፣ ሁሉም በየረድፉ ተሰለፈ። ይህም "ሞዴሉ" ተባለ። ከታች በስተቀኝ አንዲት ሳጥን ነበረች። ሥራው የሚያዋጣ ከሆነ ሳጥኗ አረንጓዴ ትሆናለች፤ የሚያከስር ከሆነ ትቀላለች። የአንድ ከተማ ሕዝብ እንጀራ በዚያች ሳጥን ቀለም ላይ ተንጠለጠለ።

ሳጥኗ ቀላች።

ኤቨርት በቦርዱ ስብሰባ ዋዜማ ወደ ሉድቪግ ቢሮ ገቡ። እኔም ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ተከትያቸው ገባሁ።

"ቀይ ነው እንዴ?" አሉ።

"ቀይ ነው።"

"ምን ብለህ አስገብተህ ነው?"

"የመዳብ ዋጋ በየዓመቱ ሦስት በመቶ ያድጋል ብዬ።"

"ሦስት ያለህ ማን ነው?"

"ያለፉት ዓመታት።"

"ያለፉት ዓመታት ስትራቴጂ አልነበራቸውም" አሉ ኤቨርት።

ሉድቪግ ለእውነት የቆመ ሰው ስለሆነ ወዲያው እሺ አላለም። አራት አስገባ፤ ቀይ። አምስት አስገባ፤ አሁንም ቀይ። ስድስት ሲሆን ሳጥኗ ልትስማማ የፈለገች መሰለች። ሰባት በመቶ ሲል እንደ ሰኔ ሜዳ ለመለመች። ኤቨርት እንደ ሰሜን ሰው ወግ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው "አዎ" አሉ። እንዲህ ሆኖ የዓለም የመዳብ ዋጋ በእኛ ከተማ፣ በሁለተኛው ፎቅ ተወሰነ።

በማግስቱ የቦርዱ አባላት አረንጓዴዋን ሳጥን አይተው አጨበጨቡ። የቀረው አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበር፦ ቁፋሮው መቼ ይጀመር? ይህንንም ሰው በግምት እንዳይመልሰው ለሞዴሉ ተሰጠ። ሉድቪግ እስከ ሃያ ዓመት ያለውን ጊዜ ዘርግቶ ከሁሉ የሚያተርፈውን ዓመት እንዲመርጥ አዘዘው። ሞዴሉ የመጨረሻውን ዓመት መረጠ። ጊዜውን ወደ ሠላሳ ዓመት አራዘመው፤ አሁንም የመጨረሻውን መረጠ። ወደ መቶ አራዘመው። ሞዴሉ ሳያመነታ የመቶኛውን ዓመት ማለዳ ጠቆመ።

ምክንያቱ ለባለሙያ ቀላል ነው። የነገ ገንዘብ ከዛሬ ገንዘብ ያንሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሞዴሉ ለእያንዳንዱ የጥበቃ ዓመት ከትርፉ ላይ ስድስት በመቶ ይቀንሳል። መዳቡ ደግሞ በየዓመቱ ሰባት ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ዓመት በጠበቁ ቁጥር አንድ በመቶ ገደማ ያተርፋሉ። ሁለት ዓመት የጠበቀ በእጥፍ ያተርፋል። ለዘላለም የጠበቀ ደግሞ ትርፉ ወሰን የለውም።

አንድ የቦርድ አባል ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ሰጋ። ሉድቪግ በትዕግሥት አስረዳው፤ የተበላሸ ማሽን መልስ ይቀያይራል፣ ይሄ ግን እንደ ጨዋ ሰው አንድ ቃል ነው አለው። አባሉም አፍሮ እጁን ለድጋፍ አወጣ።

ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። መመሪያው "ስልታዊ ትዕግሥት" ተባለ። ኤቨርት በማዕድን ማውጫው አዳራሽ ሠራተኛውን ሰብስበው ንግግር አደረጉ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ተራራ አንዲት ድንጋይ የሚያወጣ ሰው የኩባንያውን ሀብት እየሰረቀ መሆኑን ይወቅ።"

የፈረቃ ኃላፊው ያልማር ኒየሚ እጁን አወጣ። ያልማር ጢሙ የተንዠረገገ፣ ዕድሜውን ከመሬት በታች ያሳለፈ ሰው ነው።

"እና እኛ ምን እንሥራ?" አለ።

"ጠብቁ።"

"ደመወዝ አለው?"

"አለው።"

ያልማር ትንሽ አሰበና የራስ ቁሩን አወለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለስልታዊ ትዕግሥት ከእሱ የበለጠ ተቆርቋሪ አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበሩን ሰብስቦ፣ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሚጠብቁ ሰዎች የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲታሰብ አስደረገ። የሌሊት ጥበቃ በእጥፍ ተከፈለ። እንፋሎት መታጠቢያው ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሳይበርድ ዋለ፤ ሰውም እዚያው ተጋድሞ ለኩባንያው ዕድገት ላቡን አፈሰሰ።

ጥበብ ተላላፊ ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የእኛን ስኬት ሰምቶ ሉድቪግን አማከረ። ሉድቪግም በትንሽ ሞዴል አሰላላቸው። ሞዴሉ በረዶ ለመጥረግ እጅግ አመቺው ወር ሰኔ እንደሆነ አሳየ፤ ወጪው በዚያ ወር ዜሮ ይሆናል። የዚያን ክረምት ሰው በመስኮት እየወጣ በመስኮት ገባ። በሰኔም በረዶው በእርግጥ ያለ ምንም ወጪ ተነሣ።

ያለ ገቢ ይህ ሁሉ ደመወዝ ከየት መጣ? ለሚል፣ ከባንክ። በየጥር ወር ሞዴሉ ሲጠየቅ የኩባንያው ዋጋ ካምና ይበልጣል። ባንኩ ይህን እያየ ያበድራል፤ ቦርዱም ይህን እያየ ለኤቨርትና ለሉድቪግ የማበረታቻ ጉርሻ ይሰጣል። ለእኔም አንድ ጊዜ የእጅ ሰዓት ተሰጠኝ። አንድም ዘመን እንዲህ አልተሳካልንም።

በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል አንዲት የምትነጫነጭ ሴት ነበረች። የያልማር ልጅ ቬንደላ ኒየሚ በዕቅድ ክፍሉ የማዕድን መሐንዲስ ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ብልህነቷንም ከማንም አትደብቅም። የሉድቪግ እጮኛ ነበረች። ሠርጋቸው ለሰኔው የበጋ በዓል ተቆርጦ፣ ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ የመንደሩ አኮርዲዮን ተጫዋች ቀብድ በልቶ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን እኔው ራሴ ሰምቻለሁ፤ ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን።

"ሉድቪግ" አለችው "መጠበቅ ሁልጊዜ የሚያዋጣ ከሆነ፣ ሌሎቹም ማዕድን ማውጫዎች ይጠብቃሉ ማለት ነዋ?"

"ብልሆች ከሆኑ።"

"ሁሉም ከጠበቀ ዓለም ላይ መዳብ አይኖርም።"

"ያን ጊዜ ዋጋው ይበልጥ ይጨምራል" አላት ረጋ ብሎ።

"እሱን የሚገዛውስ ማን ነው?"

"እሱ የሽያጭ ክፍል ጥያቄ ነው።"

ቬንደላ ሹካዋን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ የፍቅር አስተያየት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሉድቪግ፣ ሙያውን ከኑሮው የማይለይ ሰው በመሆኑ፣ ሠርጋቸውንም በሞዴል አየው። የድግሱን ወጪ አስገባ። ፍቅራቸው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድግ ለማስገባት ሲደርስ፣ ስለ እጮኛው ያለውን አክብሮት ለመግለጥ ሰባት በመቶ ሰጠው። ውጤቱን በአበባ ባጌጠ ወረቀት አትሞ አመጣላት። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ ሉድቪግ ይህን ተረት በቁጥር ያረጋገጠ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

"በዚህ መሠረት" አላት "በዚህ ሰኔ ብንጋባ ብዙ እናጣለን።"

"መቼ ብንጋባ ነው የሚሻለው?"

"ጊዜው ገና ክፍት ነው።"

"ሉድቪግ፣ እኔ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።"

"እሱን በራሱ ረድፍ ላስገባው እችላለሁ።"

ቬንደላ አልጮኸችም፤ የሰሜን ሰው አይጮኽም። ቀለበቷን አውልቃ በአበባው ወረቀት ላይ አስቀመጠችለት። "ይህንንም አቆየው፤ ወርቅም ይጨምራል" አለችው። በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቀቀችና ከወንዙ ማዶ፣ ፊንላንድ ውስጥ፣ እንደ ጥንቱ ዛሬም ድረስ ድንጋይ እየፈነቀለ ወደሚኖር አንድ ኋላ ቀር ኩባንያ ሄደች። ሉድቪግ ጥቂት ቀን ምግብ አስጠላው። በኋላ ግን ሞዴሉን ከፍቶ ሲያየው ፍቅራቸው እያደገ ስለነበር ተጽናና።

በሁለተኛው ዓመት ያልማር ወደ ቢሮ መጥቶ ስለ ፓምፖቹ ጠየቀ። ከአሮጌው ጉድጓድ ውሃ የሚስቡት ፓምፖች ቀን ከሌት መብራት ይበላሉ። ሞዴሉ ደግሞ መቶኛው ዓመት ሳይደርስ ጉድጓዱ ደረቅ የሚሆንበት ምክንያት አልታየውም። ፓምፖቹ እንዲጠፉ ታዘዘ። ውሃው ወጣ፤ የታችኛውን ዋሻ ዋጠ፤ ቀጥሎም መካከለኛውን። ቦርዱ ትንሽ ተጨነቀ። ሉድቪግ ግን "የውሃ ክምችት" የሚል አዲስ ረድፍ ከፍቶ ከሀብት ጎራ አሰለፈው፤ በዚያ ዓመት ዋጋችን ከምንጊዜውም በላይ አደገ።

የዕቅድ ባለሙያዎች ማኅበር ለኤቨርት ሜዳሊያ የሸለመውም ያኔ ነው። በሽልማቱ ምሽት ኤቨርት ባደረጉት ንግግር፣ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም አደጋ ያልደረሰበት ጥልቅ ጉድጓድ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ነው አሉ። ልክ ነበሩ፤ አዲሱ ጉድጓድ ገና አልተቆፈረም።

ችግሩ የመጣው ከባንኩ ነው። ባንኩም የራሱ ሞዴል ነበረው። የባንኩ ሞዴል ግን ያልተማረ ስለነበር ወለድ በየወሩ መከፈል አለበት ብሎ ያምናል። አስተማርነው፤ አልገባውም። ብድሩ ቆመ። በመጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ጥበቃ ተቋረጠ፣ ቀጥሎም መደበኛው ጥበቃ። የያልማር ሰዎች ቤታቸውን ለመሸጥ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ገዢ ግን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍሎቹን ዘጋ። ያልማር ጢሙን ላጨ፤ ምክንያቱን ማንም አልጠየቀውም። ኤቨርት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ለእኔ ነግረውኛል። "በወረቀት ከማንም በላይ ሀብታም ነኝ፤ ለመኪናዬ የበረዶ ጎማ መግዣ አጣሁ" አሉኝ። እውነቴን ነው፣ አሳዘኑኝ።

ማዕድን ማውጫውን ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ አልቀረም። አንድ ገዢ ብቻ መጣ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ያ ኋላ ቀር ኩባንያ። እሱን ወክላ የመጣችው ደግሞ ቬንደላ ነበረች።

በረጅሙ ጠረጴዛ አንድ ወገን ኤቨርት፣ ሉድቪግና እኔ ተቀመጥን። በሌላው ወገን እሷ ብቻዋን። ኤቨርት ሞዴሉ ያወጣውን ዋጋ በወረቀት ገፍተው አቀረቡላት። እኔ እንኳን ያን ያህል ዜሮ በአንድ መስመር ላይ ጽፌ አላውቅም።

"ይሁን" አለች።

ኤቨርት ደነገጡ። "አትከራከሪም?"

"ሞዴሉን አብሬ ሠርቻለሁ። መደመሩ ልክ ነው።"

ከዚያ ውሏን አንድ በአንድ አስረዳች። የባንኩን ዕዳ ኩባንያዋ በዚያው ቀን ይረከባል። ተራራውን፣ ጉድጓዱን፣ ውሃውንና ሠራተኛውን ይረከባል። ዋናውን ዋጋ ደግሞ እኛ በፈለግነው ዓመት ይከፍላል፤ እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ሰባት በመቶ እየተጨመረበት ይቆያል።

"በፈለግነው ዓመት?" አሉ ኤቨርት። "በሚቀጥለው ዓመት ብንፈልግስ?"

"በሚቀጥለው ዓመት እንከፍላለን። አንድ ነገር ብቻ፤ ዓመቱን የሚመርጠው የእናንተው ሞዴል ይሁን። ሰው ከመረጠው ስሜት ይገባበታል።"

ሉድቪግ ዓይኑ በእንባ ተሞላ። በሙያው ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ሳይንስን የሚያከብር ውል አይቶ አያውቅም። ወዲያው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሞዴሉን ጠየቀው፤ ሞዴሉም የመቶኛውን ዓመት መረጠ። ሉድቪግ ስክሪኑን ወደ ኤቨርት አዞረ። በዚያ ዓመት የምንቀበለው ገንዘብ ከስዊድን መንግሥት ግምጃ ቤት ይበልጣል። ኤቨርት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ፈረሙ።

ሁሉም ተነሥቶ ኮቱን ሲደርብ ሉድቪግ ወደ ቬንደላ ጠጋ አለ።

"ስለ እኛ ጉዳይ..." አላት።

"እሱም እያደገ ነው" አለችው ጓንቷን እያጠለቀች "አትንካው።"

ቬንደላ ለመዳብ ትክክለኛ ቀን የትኛው እንደሆነ ማሽን የጠየቀች አይመስለኝም። ፓምፖቹ በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመሩ። በጸደይ ውሃው ተመጥጦ አለቀ፤ በበጋው አሳንሰሩ ወረደ። ያልማር ከልጁ ሥር ተቀጠረ፤ ይሄ መጠበቅ የሚባል ነገር ወገቡን ጎድቶት እንደነበር ለሰው ሁሉ ያወራል፤ የሌሊት ጥበቃ እጥፍ ክፍያን ያስፈቀደው ራሱ መሆኑን ማንም አያነሳበትም። ትምህርት ቤቱ ክፍሎቹን ከፈተ። ማዘጋጃ ቤቱ እንኳ በየካቲት በረዶ መጥረግ ጀመረ። ቬንደላም በበጋው በዓል የፓምፕ መካኒክ አገባች፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ቀብዱን ስለበላ በነጻ ተጫወተላት።

ኩባንያችን ግን አልፈረሰም። እንዲያውም ወደ ፍጹምነት ተጠጋ። ጉድጓድ የለንም፤ ስለዚህ አይናድብንም። ሠራተኛ የለንም፤ ስለዚህ አያምፅብንም። ከአሮጌው ፖስታ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ ኤቨርት፣ ሉድቪግና እኔ በየጥር ወር በሥርዓት እንሰበሰባለን። ሞዴሉ ይጠየቃል፤ ሞዴሉ "ጠብቁ" ይላል፤ እኔ እመዘግባለሁ።

ባለፈው ጥር ማሞቂያው ተቆርጦብን ስለነበር ኮታችንን ሳናወልቅ ነው የተሰበሰብነው። ኤቨርት እጃቸውን እያፋተጉ፣ ሞዴሉ ገንዘቡን ዛሬ እንድንቀበል የሚፈቅድበት ምንም መንገድ የለም ወይ ብለው ሉድቪግን ጠየቁት።

"አለ" አለ ሉድቪግ።

ሁለታችንም ዞረን አየነው።

"ሰባቱን አምስት ካልነው፣ ሞዴሉ ዛሬውኑ ተቀበሉ ይላል። ቬንደላም በውሉ መሠረት ነገ ትከፍላለች።"

ኤቨርት ጎንበስ ብለው በጥሞና አሰቡ። "አምስት ካልነው ግን" አሉ ቀስ ብለው "የመቶኛው ዓመት ገንዘባችን ምን ይሆናል?"

ሉድቪግ ቁጥሩን ቀይሮ አሳያቸው። ከዚያ ሁሉ ዜሮ አብዛኛው ከመስመሩ ጠፋ። ኤቨርት እንደ ተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"መልሰው! መልሰው!" አሉ።

መለሰው። ለማስረጃ ያህል በቃለ ጉባኤ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ "አንድ አኃዝ በመቀየር ገንዘቡን ነገ መቀበል እንደሚቻል ተረጋግጧል። ሆኖም ይህ ኩባንያውን የሚያደኸይ ሆኖ ስለተገኘ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ተደርጓል።" ሦስታችንም ፈረምን። ኤቨርት ከፈረሙ በኋላ ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ።

ከዚያ ወጥተን በእግራችን ወደ ማዕድን ማውጫው ሄድን። እዚያ ሰው እየተቀጠረ ነው ሲባል ሰምተናል። ቬንደላ ሆዷ ገፍቷል፤ የራስ ቁር እንዳደረገች ወጥታ በትሕትና ተቀበለችን። ማመልከቻችንን ተቀብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ችሎታችንን እንደምታውቅ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በችኮላ መቅጠር ደግሞ ሀብት ማባከን እንደሚሆን ነገረችን።

"ትንሽ ጠብቁ" አለችን።

ይኸው ከእንግዳ መቀበያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ቡናው ጥሩ ነው፤ ማሞቂያውም ይሠራል። ሉድቪግ በየማለዳው ኮምፒውተሩን ከፍቶ እንደሚያረጋግጥልን፣ ዋጋችን ከትናንትናው ጨምሯል።